ከሰዓት በኋላ የሚዝል ክንድ

ሰፈሩ «እጀ ቀላሉ» እያለ ነበር የሚጠራው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጩ አንገት ላይ ሲያርፍ ዝንብ ያረፈች ያህል እንኳ አይሰማም፤ ማሽን ሲያዩ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጡ ሕፃናት እሱ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያንቀላፋሉ። አፉም እንደ እጁ ነበር። አንዱን እየከረከመ፣ ወረፋ ለሚጠብቁት በመስታወቱ ውስጥ ቀልድ ይወረውራል።

«ጋሼ፣ ይኼን ፀጉር ማነው እንዲህ ያበላሸብዎት? ይንገሩኝና አብረን ሄደን እንክሰሰው» ይላል።

«አንተ ነሃ! ባለፈው ወር» ይሉታል ጡረተኛው መምህር፣ የዘወትር ደንበኛው።

«ታዲያ እንዲህ ካደረገዎት ሰውዬ ዘንድ ምን ሊሠሩ ተመለሱ?»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ሱቁ ጠባብ ነው። በቀኙ ጫማ ጠጋኝ፣ በግራው ፎቶ ቤት፣ ፊት ለፊቱ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ውስጥ ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የሱ፣ በግድግዳው በኩል ያለው የሚስቱ ወንድም። የሚስቱ ወንድም ከጧት እስከ ማታ «ጎንበስ በል» እና «ቀና በል» ከማለት ውጪ ቃል የማይወጣው ሰው ስለሆነ «ዝምታው» የሚል ስም ወጥቶለታል። አንዱ እያወራ፣ አንዱ እያዳመጠ፣ ዓመታት አብረው ሠሩ፤ ክፉ ደግ ተነጋግረው አያውቁም።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። አንዲት ልጃቸው ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ ክፍሏ ባዶ ቀረና የሚስቱ እናት መጥተው ገቡበት። እኚህ ሴት ደግሞ በሰፈሩ «ዳኛዋ» ነው የሚባሉት። በመስኮታቸው ሥር የሚያልፍ ጠብ ፍርድ ሳያገኝ አያልፍም። የማንን ግቢ ማን እንደገፋ፣ የትኛው ባል በየትኛው ሰዓት እንደገባ፣ ማን ማንን እንዳኮረፈ ከሳቸው የሚሰወር ነገር የለም። ፍርዳቸው ፈጣን ነው፤ ይግባኝም የለውም።

ነገሩ የጀመረው በዓይኑ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአንድ ጎረምሳ ፀጉር ሲያስተካክል በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ራስ አየ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «ደክሞኝ ነው» ብሎ አለፈው። በሳምንቱ የግራ ዓይኑ ቆብ ወረድ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ክንዱ ሰነፈበት። መቀሱን ከፍ አድርጎ ይዞ ጥቂት እንደቆየ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል ወደ ታች ይወርዳል። አያመውም። ቢያመው ምንኛ በተሻለ! «ትከሻዬን ወጋኝ» ይል ነበር፤ ሰዉም «አይዞህ፣ ይማርህ» ይለው ነበር። ይኼ ግን ድንጋዩ እንዳለቀበት ሬዲዮ ቀስ እያሉ መጥፋት ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ጋደም ብሎ ከተነሣ አቅሙ ተመልሶ ይመጣል። ጧት ጧት ደግሞ የድሮው እሱ ነው፤ ክንዱ ይታዘዛል፣ ዓይኑ ይበራል፣ ቀልዱም አይጎድልም።

ምሽት ላይ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ቃላቱ በአፍንጫው ይወጣሉ። እራት ላይ ሥጋ ሲያኝክ መንጋጋው መሀል መንገድ ላይ ይቆምበታል። አገጩን በእጁ ደገፍ አድርጎ፣ አሳቢ ሰው መስሎ ያኝካል።

«ምነው፣ ምን ይተክዛል ይኼ ሰውዬ?» ይላሉ ዳኛዋ ለልጃቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጡረተኛው መምህር ሊላጩ መጡ። አረፋውን ቀባቸው፤ ግማሹን ጉንጫቸውን ላጨ። ከዚያ ክንዱ ተንቀጠቀጠና ወረደ። ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የወረፋ ወንበር ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

«ምነው፣ ሻይ አማረህ?» አሉ መምህሩ በአረፋ ውስጥ።

«ይቅ... ይቅርታ ጋሼ» አለ። ቃሉ ሊጥ ሆኖ ነው የወጣው። መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። አንድ ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል፤ ራሱ ወደ ደረቱ ያዘነብላል። ዝምታው መጣና የቀረውን ጉንጭ ጨረሰላቸው።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ይወዱት ነበር፤ አውቶቡስ ሲጠብቁም ከልባቸው አዝነው ነው ለጫማ ጠጋኙ፣ «ያ ልጅ መቀማመስ ጀምሯል መሰለኝ፤ ያሳዝናል» ያሉት። ወሬው ግን ኀዘናቸውን እዚያው ትቶ ስካሩን ብቻ ይዞ ሰፈሩን ዞረ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከበሩ ላይ ተመለሰች። «ሌላ ቀን እንመጣለን» አለች፤ አልመጡም። ምላጭ የያዘ ሰካራምን ማን ያምናል?

ሐኪም ቤት ሳይሄድ ቀርቶ አይደለም። ሄዷል። ግን ሁልጊዜ የሚሄደው ጧት ነው፤ ከሰዓት በኋላማ ከወንበር መነሣትም ይታክተዋል። ጧት ደግሞ ጤነኛ ነው። አንዱ መነጽር አዘዘለት። ሌላው ቫይታሚን ሰጠው። ሦስተኛው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው። ዕረፍት ውሰድ» አለው። ከዚያ ወጥቶ በመንገድ ሲሄድ «ምንም የለብህም» የሚለው ቃል ደስ ሊያሰኘው ሲገባ ሆዱን አባባው። ምንም ከሌለበት ይኼ ሁሉ ምንድነው? ስንፍና ነው? ቀስ በቀስ ራሱንም መጠርጠር ጀመረ። «እውነት ሥራ ጠልቼ ይሆን?» ብሎ አንድ ቀን ሚስቱን ጠየቃት። እሷም እጁን ያዘችው።

በዚህ መሀል ዝምታው አገባ። የሠርጉ ዕለት እጀ ቀላሉ ከማለዳ ጀምሮ የሙሽራውንና የሚዜዎቹን ፀጉር ሲያስተካክል፣ እንግዳ ሲቀበል፣ ወንበር ሲያስደረድር ዋለ። ወደ ማምሻው ለቤተሰብ ፎቶ ሲጠሩት አቅሙ ተሟጦ አልቋል። ፎቶ አንሺው የሱቅ ጎረቤቱ ነው።

«ወንድሜ፣ ፈገግ በላ! አንተን ነው እኮ!»

ፈገግ አለ። በልቡ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር የሳቀው። ከንፈሩ ግን አልተከተለውም፤ ጫፍና ጫፉ እንደወረደ፣ የላይኛው ብቻ ተሰብስቦ ጥርሱን አሳየ። ፎቶው ሲወጣ ሙሽሪት አጠገብ የቆመው ሰው አንድ ዓይኑን አጥብቦ፣ የሸተተው ነገር ያለ ይመስል አፉን አጣሞ ይታያል። ሙሽሪት ፎቶውን አይታ ወደ ፖስታው መለሰችው። ዘመዶቿ ግን ዝም አላሉም። «የባልሽ አማች ንቆሻል» አሏት። ከዚያ በኋላ በሱቁ በኩል ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታልፈው።

ዳኛዋ ፍርዳቸውን የሰጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሰውዬው ይጠጣል፤ አለቀ። የቀረው ማስረጃ ነው። ማታ ማታ በሩን ሲከፍቱለት፣ ከዚያ በፊት አድርገውት የማያውቁትን፣ «እስቲ ና፣ ሳመኝ» ይሉት ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደስ አለው። አማቱ በስተርጅና የወደዱት መስሎት ለሚስቱም ነገራት። አንድ ምሽት ግን ጉንጩን ሲሰጣቸው አፍንጫቸው አየር ሲምግ ሰማ። ገባው። ቢሆንም በማግሥቱም ሳማቸው። ምን ያድርግ?

ትንፋሹ ምንም አልሸት አላቸው። ዳኛዋ ግን እንዲህ በቀላሉ መዝገብ የሚዘጉ ሴት አይደሉም። «ሽታ የሌለው መጠጥ አለ ይባላል» አሉና አንድ ጧት የሹራብ ሥራቸውን በከረጢት ይዘው ሱቁ ድረስ መጡ።

«ቤት ሰለቸኝ። እዚህ ልቀመጥ» አሉና የወረፋ ወንበሩ ጥግ ላይ ተደላደሉ። ዝምታው እናቱን አየ፣ አማቹን አየ፣ ማሽኑን አስነሣ።

ጧቱን የድሮው እጀ ቀላሉ ነበር። ደንበኛ ያጫውታል፣ መቀሱ ይንጫጫል። ዳኛዋ ሳይወዱ በግድ ሁለት ሦስቴ ሳቁ። ወደ ምሳ ሰዓት ግን ክንዱ ዝቅ ማለት ጀመረ። አንድ እጁን በሌላው ደግፎ ይሠራል። ትንሽ ሠርቶ «አንድ ጊዜ» ብሎ ይቀመጣል፤ ትንሽ ያርፍና ይነሣል። ከሱቁ አልወጣም። ማንም ምንም አላመጣለትም። ከምሳ በኋላ የመጣው ደንበኛ በግልምጫ አየው፤ «ለኔ ያኛው ይሁንልኝ» ብሎ ወደ ዝምታው ወንበር ሄደ። እጀ ቀላሉ ምንም እንዳልመሰለው ለማሳየት ወለሉን መጥረግ ጀመረ። መጥረጊያውንም መያዝ ሲያቅተው ጥግ ላይ አስደግፎ ውኃ ቀዳ።

ውኃውን ሲጎነጭ ዳኛዋ ሹራባቸውን አቁመው ነበር የሚያዩት። አንድ ጊዜ ተጎነጨ። መዋጥ አቃተው፤ ውኃው በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ። በፍጥነት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና በደንበኛ ፎጣ ጠረገው። ፊቱን ያዞረበት አኳኋን ነገሩ የለመደው መሆኑን ለሴትየዋ ነገራቸው። ይኼ ልጅ ይኼን ሲደብቅ ስንት ጊዜው ነው?

ከረጢታቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ተነሥ።»

«ወዴት እማማ?»

«ሐኪም ቤት ነዋ!»

«ጧት እሄዳለሁ፤ አሁን አቅም የ...»

«ጧት ሄደህ ምን ታሳያቸዋለህ? ጧትማ አንተ ከኔም ትሻላለህ! አሁን እንዳለህ ይዩህ እንጂ!» ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ታክሲ ጥራ፤ አፍህ ባይሠራ እጅህን አውለብልብ» አሉ።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ዳኛዋ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በእጇ ምልክት ሰጥታ፣ በትሕትና፣ «እናቴ፣ መጀመሪያ እሱ ይንገረኝ» አለቻቸው። ዳኛዋ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። እሱ በተሳሰረ ምላሱ ሲናገር ሐኪሟ አላቋረጠችውም፤ ሰዓቷንም አላየችም። ሲጨርስ፣ «ጣራውን ተመልከትልኝ፤ ዓይንህን አትንቀል» አለችው። ተመለከተ። ጥቂት እንደቆየ የግራ ዓይኑ ቆብ እንደ መጋረጃ እየወረደ እየወረደ ብሌኑን ሸፈነው።

ሐኪሟ ወጣ ብላ በእጅ ጓንት ውስጥ በረዶ ቋጥራ መጣች። በተከደነው ዓይኑ ላይ አኑራ ትንሽ አቆየችው። ስታነሣው ዓይኑ ተከፍቷል። ቁልጭ ብሎ።

«በረዶ ነው እንዴ መድኃኒቱ?» አሉ ዳኛዋ፤ ዝም ማለቱ በቃቸው።

«መድኃኒቱ አይደለም እናቴ፤ በሽታውን ያሳብቅበታል» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደሱ ዞራ ቀስ ብላ አስረዳችው። ሰውነቱን ሊጠብቁ የተፈጠሩት ወታደሮች ተሳስተው የገዛ ጡንቻውን በር ይዘጋሉ፤ ነርቩ «ተነሥ» ይላል፣ ጡንቻው አይሰማም። ሲያርፍ ትንሽ ይከፈታል፣ ሲሠራ ይዘጋል። ማያስቴንያ ይባላል። የደም ምርመራው ያረጋግጠዋል። ጨርሶ አይጠፋም ይሆናል፤ ግን ይያዛል፤ መድኃኒት አለው።

«ስለዚህ... ስንፍና አይደለም?» አለ።

«አይደለም።»

«ጭንቀትም አይደለም?»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ተሸክመኸው ባትጨነቅ ነበር የሚገርመኝ።»

በዚህ ጊዜ አለቀሰ። የማይድን በሽታ አለብህ ተብሎ በእፎይታ ያለቀሰ ሰው ሐኪሟ ከዚያ በፊት አይታ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ መሀረብ አቀበለችውና በመስኮቱ ወደ ውጪ ተመለከተች።

ሲወጡ በረጅሙ ኮሪደር ዳኛዋ ክንዱን ይዘው፣ በዝግታ ይሄዱ ነበር። መሀል ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ማታ ማታ ሳመኝ ስልህ የነበረው...»

«አውቃለሁ እማማ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አፍንጫዎ ድምፅ አለው።»

ሴትየዋ በሳቅና በለቅሶ መሀል ሆነው በከረጢታቸው ጎሸም አደረጉት። «ዛሬ ግን ከልቤ ነው። ና» አሉና እዚያው፣ ሰው እያየ፣ ግንባሩን ሳሙት።

መድኃኒቱ ሠራ። በተአምር አይደለም፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሰዓቱ ካለፈበት ክንዱ ይከዳዋል፣ ጉንፋን ሲይዘው ደግሞ ለሳምንት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ግን ምግብ አኝኮ ይውጣል፤ ቃሉም ሰው ይሰማዋል። ዳኛዋ ሥጋውን እንደ ጨቅላ ልጅ ምግብ ከትፈው ሊሰጡት ሲሉ፣ «እማማ፣ ጥርሴን እኮ አልወሰዱብኝም» ይላቸዋል። ጧት ጧት ይሠራል፤ ከምሳ በኋላ ወንበሩን ለዝምታው ትቶ ይሄዳል። ክንዱን የሚያሳርፍበት መደገፊያም ጫማ ጠጋኙ ከቆዳና ከእንጨት ሠርቶለታል።

የሰው ዓይን ግን መድኃኒት የለውም። ቀድሞ «ሰካራም» ይሉት የነበሩት አሁን «ታዲያ ድነሃል እኮ! ፊትህ ወዝ አለው» ይሉታል። ከፊሉ ለበጎ ነው፤ ከፊሉ ግን ነገር አለው። በአውቶቡስ ለአቅመ ደካሞች የተተወ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አንዲት ሴት፣ «ጎረምሳው፣ አታፍርም?» ብላ አስነሥታዋለች። ተነሣ፤ ምሰሶውን ታቅፎ፣ ጉልበቱ እየከዳው፣ ከመውረጃው ሦስት ማቆሚያ ቀድሞ ወረደ። ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት፣ «ለምን አልነገርካትም?» አለችው። «ምን ብዬ? ለያንዳንዱ ሰው በረዶ ይዤ ልዙር?» አላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሱ በሌለበት አንድ ደንበኛ ዝምታው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀለደ። «ያ አማችህ ብልጥ ነው! አንተን አሠርቶ እሱ ተኝቶ ይውላል።» ዝምታው ማሽኑን አጠፋ። ወረፋ የሚጠብቁት ቀና አሉ።

«ስማ» አለ ዝምታው። «ይኼን እጅ ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ አሁን በግማሽ ቀን የሚሠራውን እኔ ሙሉ ቀን ብለፋ አልሠራውም። የሚተኛው ነገ ጧት እንዲነሣ ነው። ጎንበስ በል።»

ይኼ ንግግር ለወር ያህል የሰፈሩ ወሬ ሆነ። የተነገረው ነገር ሳይሆን ዝምታው መናገሩ። ጡረተኛው መምህርም ያን ዕለት ወረፋ ይጠብቁ ነበር። በማግሥቱ ጧት መጡና፣ ቆባቸውን በእጃቸው እያሻሹ፣ «ወሬውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ» አሉት። እጀ ቀላሉ ወንበሩን አዞረላቸው። «ይቀመጡ ጋሼ። ምላጭ ይዤ ቂም አልይዝም» አላቸው። ደስ ብሏቸው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ግን እስኪጨርስ አልጨፈኑም።

ሙሽሪት ዘንድ የሄደው በራሱ ፈቃድ ነው። አንድ እሑድ ማለዳ፣ ዓይኑ ብሩህ በሆነበት ሰዓት፣ ከሚስቱ ጋር በሯን አንኳኳ። ሻይ ቀረበ። «የሠርግሽ ዕለት እየሳቅሁ ነበር» አላት። «ፊቴ ነው ያልሳቀው።» ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ «እኔ እኮ ወንድም አገኘሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ያን ቀን ማታ ምን ሆኜ እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው» አለች። ሲወጡም እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው፤ በየመሀሉም «እንረፍ?» እያለች ትጠይቀው ነበር፤ ልትደግፈው ግን አልሞከረችም።

ሚስቱ ከሰው ዓይን ልታድነው የራሷ ዘዴ ነበራት። ከሥራ ስትመለስ በሱቁ በኩል ታልፍና አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። መንገዱ ዳገት አለው፤ ክንዱ ብቻ ሳይሆን እግሩም የሚዝልበት ቀን አለ። ሲዝልበት አይታ፣ ሳይናገራት፣ የሰው አጥር ሥር ቁጭ ትልና ጮክ ብላ፣ «ውይ፣ ደከመኝ! አረጀሁ መሰለኝ፤ ትንሽ አሳርፈኝ» ትላለች። የሚያልፈው ሰው እሷን ያያል፤ «አይዞሽ» ይላታል። እሱ ሚስቱን የሚጠብቅ ትዕግሥተኛ ባል መስሎ አጠገቧ ይቀመጣል። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን እንደልማዷ ቁጭ ብላ «ውይ፣ ደከመኝ» ስትል ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ደረሱባት። ከመካከላቸው አንዷ፣ «ምነው አንቺ፣ ወጣቷ ሴት! ባልሽ እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ!» ብላ ሳቀች። ሚስቱ ልትስቅ ስትል እጁን በትከሻዋ ላይ አሳረፈና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እሷ አይደለችም» አለ። «እኔ ነኝ። ጡንቻዬ ቶሎ የሚዝል በሽታ አለብኝ፤ ሲታይ አያስታውቅም። ትንሽ ካረፍኩ እሄዳለሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ ነገሩ ያልገባት መስላ «እግዜር ይማርህ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ሁለተኛዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ «እንግዲያው እኔም ልረፍ፤ ይኼ ዳገት ለማን ያዝናል» አለችና ከወዲያ በኩል ተቀመጠች።

ሚስቱ ፊቷን ወደሱ አዙራ አየችው፤ የግራ ዓይኑ ቆብ ወርዷል፣ ሊስቅላት ሲልም ከንፈሩ ግማሹ ብቻ ነው የሚታዘዝለት። የቀረው ግማሽ ፈገግታ ልቡ ውስጥ እንዳለ ግን ታውቅ ነበርና፣ እሷም ሳቀችለት። አንድ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ እስኪያልፍ ሦስቱም እንደተቀመጡ ቆዩ።